በሜዳ ለሚያድር ቤተ ሰብ

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ስለ ግድግዳ፥ ስለ ጣራና ስለ በር። ግድግዳው ነፋስንና አውሬን ይከለክላል፤ ጣራው ፀሓይንና ዝናምን ይመልሳል፤ በሩም የሚገባውንና የሚወጣውን ይለያል። ቤተ ሰብ በቤቱ ሳለ እነዚህ ሦስት ጠባቂዎች ቀንና ሌሊት ያለ ደመወዝ ስለሚያገለግሉት ውለታቸውን አያስበውም። ውለታቸው የሚታወቀው ከቤት በወጡ ጊዜ ነው። አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው፥ አሮጊቲቱን አያት ደግፈው፥ ስንቃቸውን ቋጥረው በሜዳ ለማደር በተነሡ ጊዜ፥ ግድግዳውና ጣራው በሩም ያደርጉት የነበረውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እርሱም የሰው ልቡና ነው።

እኛ በምዕራብ ሐረርጌ የምንኖር ክርስቲያኖች ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ልናስብበት ይገባናል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረው የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በዓል መንገዱ በደጃችን ያልፋልና። ከአዲስ አበባና ከሌላውም አገር በመኪና የሚመጣው ተሳላሚ አዋሽን ተሻግሮ፥ የአሰቦትንና የሚኤሶን ቆላ አልፎ፥ ሽማግሎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ እያሉ ወደሚጠሯት ወደ ጭሮ ይወጣል፤ ከጭሮም በሂርና፥ በካራሚሌ፥ በቆቦና በጨለንቆ አድርጎ ቁልቢ ይደርሳል። ከገለምሶና ከበዴሳ፥ ከመቻራም የሚነሣው ምእመን ከዚሁ መንገድ ይቀላቀላል። አንዱ በመኪና፥ ሌላው በእግሩ፥ አንዳንዱም ስእለቱን ለመፈጸም ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል።

የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን እንደ ሆኑና ምክንያቱም በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው ከዓድዋ ድል ጋር የተያያዘ ስእለት እንደ ሆነ ሲነገር ኖሯል። እኚሁ ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በመጓዝ ላይ ሳሉ ታመው ያረፉት በዚያው በቁልቢ ነው። ብዙ አሽከር የተከተላቸው፥ ድንኳንና በቅሎ ያልጐደለባቸው ታላቅ ሰው እንኳ ሕመም በመንገድ ካገኛቸው፥ በአንዲት የላስቲክ ዳስ ሥር ሕፃን ታቅፎ የሚያድር ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው!

በዓሉ በደረሰ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ኮረብታና ሜዳ የድንኳን ከተማ ይሆናል። ያለው ሸራውን ይተክላል፤ የሌለው ላስቲክ በእንጨት ላይ ይወጥራል፤ መኪና ያለው በመኪናው ውስጥ ይተኛል፤ ምንም የሌለው ጋቢውን ተከናንቦ በቅጥሩ ሥር ያድራል። ሕፃናት ክርስትና ሊነሡ ይመጣሉ፤ ሕሙማን ሊፈወሱ፥ መካኖች ልጅ ሊለምኑ ይመጣሉ። እንግዲህ በሜዳ የሚያድረው ጕልበታሙ ብቻ አይደለም፤ ከቤት መውጣት የማይገባው ደካማም ጭምር ነው።

እኔ በልጅነቴ ከቆሎ ተማሪ ጋር ያደግሁ፥ ዳዊት ደግሜ፥ ድቁና ተቀብዬ ከዚያ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ዛሬ በጭሮ የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምራለሁ። ቁልቢንም ብቻዬንም ከቤተ ሰቤም ጋር ብዙ ጊዜ ተሳልሜያለሁ። ስለ መጠንቀቅ ባነሣሁ ቍጥር ከመንገደኞች የምሰማው አንድ መልስ አለ፤ «መምህር፥ የምንሄደው ወደ ገብርኤል አይደለምን? ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶነ እሳት ያወጣ መልአክ እኛን ከብርድና ከከሰል አያወጣንምን?» ይላሉ። ይህ ቃል ከእምነት የወጣ ስለ ሆነ በንቀት ሊመለስ አይገባም። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። አናንያ፥ አዛርያና ሚሳኤል ለጣዖት አንሰግድም ስላሉ በንጉሥ ትእዛዝ ወደ እሳቱ ተጣሉ እንጂ፥ እሳቱን ራሳቸው አላነደዱትም። ጌታችንም ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ዲያብሎስ በፈተነው ጊዜ፥ መላእክት እንደሚጠብቁት እያወቀ፥ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነግሮ አሳፈረው። ኦሪትም በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግለት ታዛለች። ያን መከታ የሠራ እስራኤላዊ በእግዚአብሔር አለመታመኑን አላሳየም፤ ሕጉን ፈጸመ እንጂ። ስለዚህ መጠንቀቅ የእምነት ተቃራኒ ሳይሆን ከፍሬዎቹ አንዱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ከሰል እናገራለሁ፤ ምክንያቱም እንደ ሌሎቹ አደጋዎች የሚታይ አይደለም።

የታኅሣሥ ሌሊት በደጋ ብርቱ ነው። አየር ወደ ላይ በወጣን መጠን በየሺው ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፥ ቀን በሚኤሶ ቆላ በላብ ተጠምቆ የነበረ ሰው ማታ ከ2000 ሜትር በላይ በሚገኘው ቁልቢ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው የከሰል ምድጃውን ወደ ድንኳኑ ማስገባት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሡ በዓል ከእኛ ድንኳን አጠገብ ከቆላ የመጣ አንድ ቤተ ሰብ ሰፍሮ ነበር። አንዲት እናት፥ የርስዋ አሮጊት እናትና ሁለት ልጆች ነበሩ። ማታ ቡና አፍልተው ጠሩን፤ አሮጊቲቱም ልጆቻችንን አንድ በአንድ እጃቸውን ጭነው መረቁልን። ሌሊቱ እየበረታ ሲሄድ ልጃቸው ለእናትዋ አዝና ምድጃውን አስገባችና በአሮጊቲቱ እግር ሥር አኖረችው፤ ብርዱ እንዳይገባም የላስቲኩን አፍ ከውስጥ አሰረችው። ሊነጋጋ ሲል፥ ካህናቱ በማኅሌት ላይ ሳሉ፥ ከልጆቹ ትልቁ በላስቲኩ ሥር ተስቦ ወጥቶ ሲያስመልሰው ባለቤቴ ሰማች። ላስቲኩን ቀድደን አራቱንም ወደ ውጭ አወጣናቸው። ሦስቱ እያቃሰቱ ነፍስ ዘሩ። አሮጊቲቱ ግን ዐርፈው ነበር።

በዙሪያችን የተሰበሰበው ሰው «ታድለዋል፥ በቅዱሱ ደጅ ዐረፉ» አለ። ይህ የማጽናኛ ቃል ነው፤ ሐዘንተኛን ማጽናናትም ታላቅ ምግባር ነው። ነገር ግን ልጃቸው ይህ ሁሉ ሲባል አንዲት ቃል ሳትመልስ በሣር ላይ የተጣለውን ምድጃ ትመለከት ነበር። ያን አስተያየትዋን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለቅሶ ቤት የማስተማሪያ ስፍራ ስላልሆነ በዚያ ምንም አልተናገርሁም። አርባው ካለፈ በኋላ ራስዋ ጭሮ ድረስ መጥታ በትምህርት ቤት ጠየቀችኝ። «መምህር፥ ጭሱ ወጥቶለት ነበር እኮ። ቀይ ሆኖ ነበር። ጭስ የሌለው እሳት እንዴት ሰው ይገድላል?» አለችኝ። እኔም ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው አስረዳኋት፤ ለአንባብያንም እንደዚያው አደርገዋለሁ።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣዋል። ይህ አየር መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም፤ ጕሮሮም አይከረክርም። እኛ ጭስ ብለን የምንፈራው የሚታየውን ነው፤ የሚገድለው ግን ጭሱ ካለቀ በኋላ ከቀዩ ፍም የሚወጣው ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ተሸክሞ የሚያዞር ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል በዚህ በሄሞግሎቢን ላይ ስለሚጣበቅ፥ ደም ቢዘዋወርም ሕይወትን የሚሸከምበት ስፍራ አያገኝም። ስለዚህም ነው ፍሙ ገና ሳይጠፋ፥ በድንኳኑም ውስጥ አየር ያለ መስሎ ሳለ ሰው የሚሞተው። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ የጕልበት መክዳትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን አያውቀውም፤ እንቅልፉ ከእንቅልፍ ጋር ይቀላቀልበታልና። ሕፃናት፥ ሽማግሎችና ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ፈጥነው ይጐዳሉ።

ይህን ሰምታ ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «እንግዲያው እኔ ነኝ የገደልኋት» አለች። እኔም እንዲህ አልኋት፤ «እኅቴ፥ ምድጃውን ያስገባው ለእናትሽ ያለሽ ፍቅር ነው። ያልነገርንሽ እኛ የምናውቀው ነን።» እርስዋም ዕንባዋን ጠርጋ «እንግዲህ ለቀሩት ይነገር፤ የእናቴ ስም ሳይነሣ ይነገር» ብላኝ ሄደች። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ምክንያቶች አንዱ ይህ የርስዋ ቃል ነው።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ከሰል፥ ፍምም ሆነ የተዳፈነ፥ ሰው በሚተኛበት ድንኳንና ዳስ፥ በተዘጋም ክፍል ውስጥ አይግባ። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሞተር ከድንኳን ይራቅ፤ በመኪና ውስጥ የሚተኛም ሰው ሞተሩን አስነሥቶ አይተኛ፤ መርዙ አንድ ነውና። ሙቀት የሚገኝበት ሌላ መንገድ አለ። ብርድ ወደ ተኛ ሰው የሚገባው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከምድር ጭምር ስለ ሆነ፥ ከላይ አንድ ጋቢ ከመጨመር ከሥር ገለባና ሰሌን፥ ቢገኝም ፍራሽ መደረብ ይበልጣል። በላብ የረጠበ ልብስ ይለወጥ፤ ራስና እግር ይሸፈን፤ ሙቅ ውሃ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ተሞልቶ በጨርቅ ይጠቅለልና በአረጋዊው እግር ሥር ይቀመጥ፤ ሕፃናትና ሽማግሎች በመካከል፥ ጐልማሶች በዳር ይተኙ። ከሰል የመታው ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ወዲያው ወደ ነፋሻ ስፍራ ያውጡት፤ ልብሱን ያላሉለት፤ የሚተነፍስ ከሆነ በጐኑ ያስተኙት፤ ቢነቃም «ተሻለው» ብለው አይተዉት፤ ወደ ሕክምና ያድርሱት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ሁለተኛው የሚታየው እሳት ነው። «ቤት ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለድንኳን ከተማ የተተረተ ይመስላል። ላስቲክ እንደ ሣር ክዳን ጊዜ አይሰጥም፤ ቀልጦ በሰው ገላ ላይ ይወርዳል። ጧፍ በቤተ ክርስቲያን እንጂ በዳስ ውስጥ አይበራ፤ ለዳሱ የባትሪ መብራት ይበቃዋል። ምድጃው ነፋስ ከድንኳኑ ወደ ውጭ በሚነፍስበት በኩል፥ ቢያንስ ጥቂት ርምጃ ርቆ ይቀመጥ፤ አጠገቡም ውሃ ወይም አፈር የሞላበት ዕቃ ይኑር። ሴቶች እኅቶቻችን የነጠላቸውን ጫፍ ሳይሰበስቡ ወደ እሳት አይጐንበሱ። እሳት የነካው ገላ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይፍሰስበት እንጂ ቅቤም ሊጥም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። ሲሄዱም ፍሙን በውሃ አጥፍተው፥ በእጅ ጀርባ መቀዝቀዙን ዳስሰው ይሂዱ። በ2004 ዓ.ም. በበጋው ወራት በአገራችን በአሰቦት ገዳም ደን፥ በዚያው ዓመትም በዝቋላ ደን የተነሣው እሳት ምን ያህል ምእመናንን ከየከተማው ለማጥፋት እንዳዘመተ የምናስታውስ ሁሉ፥ ደረቅ ሣር የሚያውቀው ጌታ እንደሌለው እናውቃለን።

ሦስተኛው ነገር ውሃና ንጽሕና ነው። የታኅሣሡ በዓል በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ስንቃችን በሶ፥ ቆሎና ዳቦ ነው፤ ይህም ቶሎ የማይበላሽ በመሆኑ ለመንገደኛ መልካም ነው። ሆድን የሚጐዳው አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ነው። በደጋ ውሃ ከቆላ ይልቅ በአነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ2000 ሜትር ከፍታ በ93 ዲግሪ ገደማ ይንፈቀፈቃል። ስለዚህ እንደዚህ ባለ ከፍታ የሚጠጣ ውሃ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ በእሳት ላይ ይቈይ። ሰዓት የሌላት እናት አቡነ ዘበሰማያትን ከእመቤታችን ሰላምታ ጋር በዝግታ አራት አምስት ጊዜ ብትደግም ጊዜውም ይደርሳል፥ ጸሎቱም አይቀርባትም።

ስለ መጸዳጃ ለመናገር የሚያፍር ሰው ካለ ኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 23 ያንብብ። እስራኤል በሰፈር ሲያድሩ ከሰፈሩ ውጭ ለዚሁ የተለየ ስፍራ እንዲኖራቸው፥ መቈፈሪያም ይዘው ቈፍረው እንዲሸፍኑ ታዘዋል፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር በሰፈራቸው መካከል የሚመላለስ ስለ ሆነ ሰፈራቸው ንጹሕ እንዲሆን ነው። ለበዓል የተሰበሰበ ሕዝብ ከዚህ በምን ይለያል? የተዘጋጀ መጸዳጃ ካለ በእርሱ ይጠቀሙ፤ ከሌለም ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር ርቀው፥ በቍልቍለቱ በኩል ይቈፍሩ፤ እጃቸውንም በሳሙና፥ ሳሙና ቢታጣ በዐመድ ይታጠቡ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ገብቶ ወደ ሌላም ስፍራ ተዛምቷል። ጥፋቱ የጠበሉ አይደለም፤ ሰው በተሰበሰበበት ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ሲጐድል የሚሆነው ይኸው ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው ሐኪም እስኪያገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሳይከመር ተለክቶ ይሟሟለትና ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። ለሕፃንም ጡት አይከልከል።

አራተኛው ስለ ልጆች ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈውን አስቡ። እመቤታችንና ዮሴፍ ከበዓል ሲመለሱ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ በኋላም በዘመድና በወዳጅ መካከል ፈልገው አጡት፤ ከሦስት ቀን በኋላም በመቅደስ አገኙት። ለእኛ የተጻፈልን ትምህርት ይህ ነው፤ በብዙ ዘመድ መካከል ያለ ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ሊሆን ይችላል። እናት ከአባት ጋር ያለ ይመስላታል፤ አባት ከአጎቱ ጋር፥ አጎቱም ከእናቱ ጋር ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ አንድ የታወቀ ጠባቂ ይኑረው፤ ጠባቂውም ሲለወጥ «ተረክበሃል?» «ተረክቤያለሁ» ይባባሉ። ልጁ የራሱን ስም ብቻ ሳይሆን የአባቱንና የአያቱን ስም፥ የከተማውንም ስም እንዲናገር ከቤት ሳይወጡ ይልመድ። የወላጁ ስልክ ቍጥር በጨርቅ ላይ ተጽፎ ከልብሱ በውስጥ በኩል ይሰፋለት። በስልክ ብቻ መተማመን ግን አይገባም፤ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት መስመሩ ይጨናነቃል፥ ባትሪውም ያልቃል። በድንኳኑ አናት ላይ ከሩቅ የሚታይ ጨርቅ ይሰቀል፤ የጠፋም ሰው የሚገናኝበት አንድ ስፍራ አስቀድሞ ይወሰን። ልጁ የጠፋ እንደ ሆነ ወዲያና ወዲህ ከመሮጥ ባለበት ቆሞ ልጅ የያዘች እናትን ወይም ካህንን ወይም ፖሊስን እንዲጠይቅ ይማር፤ ወላጅም ሳያፍርና ሳይዘገይ በድምፅ ማጉያው እንዲነገርለት ያድርግ።

አምስተኛው መንገዱና ግፊያው ነው። ከጭሮ በላይ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ አሽከርካሪ ስእለቱ ይደርስለት ዘንድ ሳይሆን ተሳፋሪዎቹ ይደርሱለት ዘንድ ማረፍ ይገባዋል። ተሳፋሪም «ቶሎ በል» ማለቱን ይተው። በእግር የሚሄድ በመንገዱ ግራ ጠርዝ፥ ከፊቱ የሚመጣውን መኪና እያየ፥ በአንድ ረድፍ ይሂድ፤ በጨለማም ነጭ ጋቢውን ከላይ ያድርግ። ታቦቱ በሚወጣበት ሰዓት ሕፃን የያዘች እናትና ደካማ ሽማግሌ ከጥቅጥቁ ሕዝብ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ በረከቱ በርምጃ አይለካምና። አጥብቄ የምናገረው ደግሞ ይህን ነው፤ የተሻለ ለማየት ብላችሁ በረብራብ፥ በእንጨት መወጣጫና በቅጥር ላይ አትውጡ፥ ልጆቻችሁንም አታውጡ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር በፋሲል መዋኛ የጥምቀት በዓል ሲከበር ከእንጨት የተሠራው መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በምንጃር ሸንኮራ በአረርቲ ማርያም ለሕንፃ ሥራ የተተከለው ረብራብ ሕዝብ ሳለበት ወድቆ ከ30 የሚበልጡ ምእመናን ሕይወታቸውን አጡ። ሁሉም ለክብረ በዓል የወጡ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።

የሐምሌው በዓል ጠባይ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ጠላቱ ደረቅ ብርድና እሳት ሳይሆን ዝናምና ጐርፍ ነው። ድንኳን ደረቅ በሚመስል የፈረፈር መንገድ ላይ አይተከል፤ የዛሬው ደረቅ ፈረፈር የሌሊት ወንዝ ነውና። በዙሪያው ትንሽ ቦይ ይቈፈርለት። መብረቅ ሲያጕረመርም ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም፤ መኪና ያለው ወደ መኪናው ወይም ወደ ጽኑ ቤት ይግባ። በመንገድ በቆላ የሚያድሩም የወባ አጎበር ይያዙ። ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ብቻ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ከተማ በበጋ ወራት የተነሣው ወባ ከሌላ አገር በመጣች፥ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ በምትራባ ትንኝ ምክንያት መሆኑ ታውቋል።

ይህን ሁሉ የሚያነብ አባወራ «ታዲያ መቅረት አይሻልምን?» ሊል ይችላል። እኔስ ሂዱ እላለሁ። ልጆቻችን በሰማይ ሥር ያደሩባትን ሌሊት፥ በድንኳን ውስጥ ከሩቅ የሰሙትን ማኅሌት፥ በመንገድ ውሃና ድንች ያቀረቡላቸውን የጨርጨርን ገበሬዎች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ እስላሞች ሳሉ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበሉ፥ በመጽሐፍ ልናስተምራቸው አንችልም። ይህን የሚማሩት በመንገድ ነው።

ብቻ አንድ ልማድ በየቤታችን እናቁም። ከመነሣታችን በፊት የቤተ ሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት አባት ወይም እናት ይጠይቁ፤ ምድጃው የት ያድራል? ውሃውን ማን ያፈላል? ይህን ልጅ ማን ይጠብቃል? ብንጠፋፋ የት እንገናኛለን? ለእያንዳንዱም ጥያቄ አንድ ስም ይመለስ። «ሁላችንም» የሚል መልስ ግን አይቈጠር፤ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ሥራ አይደለምና። ከዚያም ሌሊቱን ተራ ገብተው ከየድንኳኑ አንድ ሰው ይንቃ። ካህናቱ በመቅደስ ስለ ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ፤ ከቤተ ሰቡም አንዱ ስለ ተኙት ጥቂት ሰዓት ቢቆም ከማኅሌቱ የተለየ ነገር አላደረገም። ጎረቤቱም ምድጃ ሲያስገባ ቢያይ ዝም አይበል። «እናቴ፥ እባክዎ ይህን ወደ ውጭ ያውጡልኝ፤ እኔ እረዳዎታለሁ» ይበል። የተቈጡት እንኳ ሲነጋ ይመርቁታል።

እግዚአብሔር ሄደው የሚመለሱ ያድርጋችሁ። አሜን።